ጣሪያ ለመቀየር ስንት ይበቃል? ባለ 35፣ ባለ 28 እና ኢጋ ቆርቆሮ ሲመዘኑ

ቆርቆሮ ሱቅ ገብቶ «አንዱ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የጣሪያውን ወጪ ሳያውቅ ይወጣል። የአንዱ ቆርቆሮ ዋጋ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ወጪውን የሚወስነው አንድ ካሬ ጣሪያ ተሸፍኖ፣ ተመትቶ፣ አሸንዳ ተገጥሞለት ሲያልቅ የሚወጣው ብር ነው። በዚህ ሒሳብ ሲታይና ቶሎ የሚቀየርበት ወጪ ሲጨመር ከሁሉም ርካሽ ተብሎ የሚሸጠው ቆርቆሮ ብዙውን ጊዜ ውዱ ሆኖ ይገኛል።

ከዚህ በታች የምንመዝነው አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ከተማ በየሰፈሩ የሚታየውን ዓይነት ቤት ይዘን ነው፤ ወርዱ 8 ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ሁለት ክንፍ ያለው ተራ ጣሪያ። ቆርቆሮው ከግድግዳው በየአቅጣጫው 60 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ አናቱ ከቆርቆሮው የታችኛው ጫፍ 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ ከላይ ሲታይ 9.2 በ11.2 ሜትር ነው። ተዳፋቱን ተከትሎ ሲለካ ግን አንዱ ክንፍ ከታች እስከ አናቱ 4.84 ሜትር ይሆናል፤ ሁለቱም ክንፎች ተደምረው 108 ካሬ ይሞላሉ። ቤቱ «80 ካሬ ነው» ተብሎ በ80 የተሰላ በጀት ከመነሻው 28 ካሬ ጎድሎታል። አብዛኛው የጣሪያ ሥራ መሐል ላይ የሚቆመው እዚህ ጋ ነው።

ብር አንጽፍም። የቆርቆሮው ጥሬ ዕቃ፣ ማለትም ጥቅል ላሜራው፣ የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ የቆርቆሮም ዋጋ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ብዛትና ክብደት ግን አይለወጡም። የሚከተሉትን ቁጥሮች ይዛችሁ መርካቶ ወይም ሰፈራችሁ ያለ ሱቅ የዕለቱን ዋጋ ብትሞሉበት ትክክለኛውን ታገኛላችሁ። ስትጠይቁም ዋጋው 15 በመቶ ቫቱን ጨምሮ ይሁን ሳይጨምር አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በመቶ ቆርቆሮ ላይ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ከብዛቱ እንጀምር። ተራው ባለ ሞገድ ቆርቆሮ በብዛት የሚሸጠው በ2 ሜትር ርዝመት ነው። ስፋቱን በሜትር ለኩት፤ 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሁሉም አይሸፍንም። ጎን ለጎን ሲደራረብ አንድ ተኩል ሞገድ ይበላል፤ አንዱ ሞገድ 7.6 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 11.4 ይሄዳል፤ የሚቀረው 68.6 ነው። 11.2 ሜትር ርዝመቱን ለመሸፈን 17 ረድፍ ያስፈልጋል። ወደ ላይ ደግሞ የላይኛው በታችኛው ላይ 20 ሴንቲ ሜትር መደረብ አለበት፤ ከታች ወደ አሸንዳው 5 ሴንቲ ሜትር ይግባ፤ ስለዚህ 4.89 ሜትር ለመድረስ በረድፍ 3 ቆርቆሮ ይፈልጋል። 17 በ3፣ በሁለት ክንፍ፣ 102 ቆርቆሮ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። 102 ቆርቆሮ ማለት 163 ካሬ ብረት ነው፤ የሚሸፍነው 108 ካሬ። ግማሽ ያህል ትርፍ ተገዝቷል ማለት ነው። ከየረድፉ አናት ላይ የሚተርፈው 70 ሴንቲ ሜትር ወይ ተቆርጦ ይጣላል ወይ ከመጠን በላይ ተደርቦ ይቀራል። ልምድ ያለው አናጺ ይህን አይቶ «ጫፉን 30 ሴንቲ እንቀንሰው» ሊላችሁ ይችላል። ርዝመቱ 4.6 ሜትር ሲሆን ሦስተኛው ቆርቆሮ ግማሹ ብቻ ይበቃል፤ አንዱ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ረድፍ ይሞላል፤ 102 የነበረው 85 ይሆናል። 17 ቆርቆሮ ቀላል ቁጠባ አይደለም። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ይሁን። የጭቃ ቤት ከሆነ ግን እሺ አትበሉ፤ ከግድግዳው 32 ሴንቲ ያህል ብቻ የወጣ ቆርቆሮ በነፋስ የሚመጣውን የክረምት ዝናብ አይከላከልም፤ የግድግዳው እግር እየተላጠ ልስኑ ከሁለት ክረምት አያልፍም።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ።

ባለ 35 ጌጅ

ጌጅ የውፍረት መለያ ቁጥር ነው፤ ጌጁ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 35 ከተለመዱት ሁሉ ስሱ ነው፤ ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ተብሎ ይሸጣል። ለአጥር፣ ለጊዜያዊ መጋዘን፣ ለዶሮ ቤት ጥሩ ነው፤ ዋጋውም ለዚያ ይመጥናል። ሰው ለሚኖርበት ቤት ግን አንመክረውም፤ ምክንያቱም ዝገቱ ብቻ አይደለም።

አንደኛ፣ ሰው አይሸከምም። ዲሽ ሊያስተካክል የወጣ ልጅ በሁለት ሞራሌ (ቆርቆሮው የሚመታበት አግዳሚ እንጨት) መሐል አንድ ጊዜ ከረገጠው ጉብታው ይተኛል። የተኛው ቦታ ውኃ ያቁራል፤ ውኃ ያቆረበት ቀድሞ ይዝጋል። ሁለተኛ፣ ሞራሌው መቀራረብ አለበት። ለባለ 28 በየ90 ሴንቲ ሜትሩ የሚመታ ሞራሌ ለባለ 35 በየ60 ካልሆነ ቆርቆሮው በነፋስ ይርገበገባል፤ የሚስማሩ ቀዳዳም እየሰፋ ይሄዳል። በእኛ ቤት ላይ ሲሰላ በየ90 ሲሆን በአንድ ክንፍ 7 መስመር፣ በሁለቱ 157 ሜትር ሞራሌ ነው። በየ60 ሲሆን 9 መስመር፣ ወደ 202 ሜትር። የ45 ሜትሩ ልዩነት 4 ሜትር ርዝመት ያላቸው 12 ሞራሌዎችና ወደ 200 የሚጠጋ ተጨማሪ ሚስማር ነው። ቆርቆሮው ላይ የተረፈው ብር ከፊሉ እንጨት ቤት ይቀራል።

አብዛኛው ሰው አሰራሩን ሳይለውጥ ባለ 35ቱን በየ90 አስመትቶ ይገላገላል። ጎረቤታችሁ ጣሪያው በነፋስ ሲንኳኳ ከሰማችሁ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ባለ 28

ይህ 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ውፍረት ያለው ነው፤ ለመኖሪያ ቤት ሚዛኑ የሚደፋው ወደዚህ ነው። በመሐል ባለ 30ና ባለ 32 አሉ፤ አቅም ካጠረ ባለ 30 ይሁን እንጂ ከዚያ አትውረዱ።

ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው። የሚከተለው ዋጋ አይደለም፣ ለማነጻጸር የተወሰደ ነው። የባለ 35 ቆርቆሮው ወጪ 100 ቢሆን፣ ባለ 28ቱ እጥፍ ብረት ስላለው 200 ይሁን። እንጨቱ፣ ሚስማሩ፣ አሸንዳው፣ የእጅ ዋጋውና መጓጓዣው ለባለ 28ቱ 150 ቢሆን፣ ለባለ 35ቱ በሞራሌው ምክንያት 160 ይሆናል። ድምሩ 260 እና 350 ነው። ቆርቆሮው እጥፍ ሲሆን ጠቅላላ ወጪው የጨመረው በአንድ ሦስተኛ ብቻ ነው። ስሱ ቆርቆሮ ቀድሞ ሲበሳና ጣሪያው እንደገና ሲፈርስ ግን ያን 160 ሁለተኛ ትከፍሉታላችሁ፤ የአናጺ ዋጋ ደግሞ ወደ ታች ሲወርድ ታይቶ አይታወቅም።

የባለ 28 ትልቁ ችግር በራሱ ዕቃው ላይ አይደለም፤ 28 ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ 28 አለመሆኑ ነው። ጌጁ በቀለም የተጻፈ ቁጥር ነው፤ ቁጥር መጻፍ ማንንም አያቅተውም። ማረጋገጫው ሁለት ነው። ማይክሮሜትር (ስስ ውፍረት የሚለካ መሣሪያ) ያለው ሰው ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጠርዙን ሳይሆን ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ ይለካ። ከሌለ ሚዛን ይበቃል። ቀመሩ ይኸው፤ ርዝመት በሜትር፣ ሲባዛ በሞገዱ ተዘርግቶ በሚለካ ስፋት በሜትር፣ ሲባዛ በውፍረት በሚሊ ሜትር፣ ሲባዛ በ7.85፤ ውጤቱ ኪሎ ነው። ስፋቱን ለማግኘት ሲባጎ ወስዳችሁ ሞገዱን ተከትሎ እያስገባችሁ ለኩ፤ ከዚያ ሲባጎውን ዘርጉት። 90 ሴንቲ ሜትር ከመጣ፣ ባለ 2 ሜትሩ ቆርቆሮ በ0.4 ውፍረት 5.65 ኪሎ ይመዝናል። በ0.35 ወደ 4.95 ይወርዳል፤ በ0.2 ደግሞ 2.8 ብቻ ነው። ብረቱ እንዳይዝግ የተለበጠበት ዚንክ ጥቂት ግራም ይጨምራል እንጂ ልዩነቱን አይሸፍንም። አንዱን ብቻ ሳይሆን አሥሩን አስራችሁ አስመዝኑ፤ 50 ኪሎ አካባቢ ከመጣ 0.4 ተብሎ የተሸጠላችሁ 0.35 ነው፤ ከስምንት አንድ እጅ ብረት ጎድሏል።

ይህ ዘዴ ሌላም ጥቅም አለው። የቆርቆሮውን ዋጋ ለክብደቱ አካፍሉና በኪሎ ስንት እንደሚያወጣ እወቁ። ሦስት ሱቅ ላይ ስታደርጉት በአንድ ቆርቆሮ ርካሽ የነበረው በኪሎ ውድ ሆኖ ሲገኝ ታያላችሁ። «ሚዛን አያስፈልግም፣ እመኑኝ» የሚል ነጋዴ ካጋጠማችሁ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ግቡ።

ዚንኩስ? በአንድ ካሬ ላይ በሁለቱም ፊት ተደምሮ ስንት ግራም እንዳለው ነው የሚጠየቀው። 100 ግራም ሲሆን በአንዱ ፊት 7 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ያህል ነው፤ 275 ሲሆን 20 ገደማ። ንጹሕ አየር ባለበት ዚንክ በዓመት ከ1 ማይክሮን በታች ይበላል፤ ፋብሪካና ጢስ ባለበት ከ1 እስከ 2 ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የማገዶ ማድ ቤቱ ጢስ በቀጥታ ከሚያገኘው ክፍል በላይ ያለው ቆርቆሮ ከሌላው ቀድሞ ቢያልቅ አይግረማችሁ። ሻጩ የዚንኩን መጠን ካላወቀ፣ ቢያንስ ቆርቆሮው ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር እንዳለ እዩ። ያ ነጭ ዝገት ነው፤ ተደራርቦ ሳለ ውኃ ገብቶበት ዚንኩ መበላት ጀምሯል። ቅናሽ ቢሰጧችሁም ተዉት። ቤት ካመጣችሁት በኋላም ዝናብ ላይ ተደራርቦ አይደር፤ ከመሬት በእንጨት ከፍ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ዘንበል አድርጉት።

ኢጋ

ጉብታው ማዕዘን ያለውና ሰፋ ብሎ የተራራቀው ኢጋ የሚባለው ቆርቆሮ በተለይ ቀለም የተቀባው ተፈላጊ ሆኗል። ኢጋ 300፣ 400፣ 500 የሚባለው ቁጥር የቅርጹ መለያ ነው እንጂ የውፍረቱ አይደለም፤ «500 ነው፣ ወፍራም ነው» የሚል ወሬ አትስሙ። ውፍረቱን ለብቻው ጠይቁ።

ዋናው ብልጫው በፈለጋችሁት ርዝመት መቆረጡ ነው። 4.9 ሜትር አዛችሁ ከአናት እስከ አሸንዳ በአንድ ወረቀት ይወርዳል፤ መሐል ላይ መደራረብ የለም፤ ከመደራረቢያ የሚገባ ውኃም የለም። አንዱ የሚሸፍነው ስፋት 85 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በአንድ ክንፍ 14፣ በሁለቱ 28 ወረቀት፣ በድምሩ 137 ሜትር ነው። ይህ ወደ 117 ካሬ ይሸፍናል፤ ለ108 ካሬ ጣሪያ የገዛችሁት ትርፍ ከ10 በመቶ በታች ነው። ከተራው 163 ካሬ ጋር አስተያዩት። ኢጋው በካሬ ከተራው አንድ አምስተኛ ቢወደድ እንኳ ጣሪያው ሲያልቅ ሊረክስ ይችላል፤ ይህን ሳያሰላ «ኢጋ ለሀብታም ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ስታዙ የምትጠይቁት ጠቅላላ ስፋቱን ሳይሆን የሚሸፍነውን ስፋት ነው፤ ሁለቱ ከተምታቱ አንድ ወረቀት ሊጎድል ይችላል፤ ለአንድ ወረቀት እንደገና መኪና መከራየት ያናድዳል።

ቅርጹም ጠንከር ያለ ስለሆነ ባለ 0.4ው ሞራሌ በየ1.1 ሜትሩ ይበቃዋል፤ 6 መስመር፣ በሁለቱ ክንፍ 134 ሜትር።

ጉድለቱ? ረጅም ወረቀት ጠባብ መንገድ አይገባም። መኪና ደጃፍ በማይደርስበት የድሮ ሰፈር ውስጥ ባለ 2 ሜትሩን አንድ ሰው ተሸክሞት ይገባል፤ የኢጋውን ግን ለሁለት ይዞ መታጠፊያው ላይ ሳያጥፉት ማሳለፍ ያስቸግራል። ነፋስ ባለበት ቀን ወደ ጣሪያ ማውጣቱም አደገኛ ነው። ሌላው መቁረጫው ነው። ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ በግራይንደር አይቆረጥም። ፍንጣሪው እሳት ነው፤ በየወረደበት ቀለሙንና ዚንኩን ያቃጥለዋል። ሥራው ያለቀ ቀን ምንም አይታይም፤ ከጥቂት ዝናብ በኋላ ቀይ ቆርቆሮው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል። የላሜራ መቀስ ይጠቀሙ። አናጺው መቀስ የለኝም ካለ ለዚህ ሥራ አልተዘጋጀም።

ባለ ቀለሙን በማይክሮሜትር ስትለኩ ቀለሙም እንደሚቆጠር አትርሱ፤ 0.4 ያሳየው ብረቱ ከዚያ በመጠኑ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

የሸክላ ቅርጽ ያለው የታተመ ቆርቆሮ ለዓይን ያምራል። ብዙ ማዕዘን ባለው ጣሪያ ላይ ግን ቁርጥራጩ ይበዛል፤ ለየጠርዙ የሚገዛው መለዋወጫም የራሱ ዋጋ አለው። ሁለት ክንፍ ላለው ተራ ቤት ከኢጋ የሚበልጥበት ነገር መልኩ ብቻ ነው።

እንጨቱና ሚስማሩ

ድሮ የተመታ ጣሪያ ሲፈታ ያልታሰበ ወጪ የሚመጣው ከእንጨቱ ነው። ቆርቆሮው ሳይነሳ የወራጁን፣ ማለትም ከአናት ወደ ግድግዳ ወርዶ ሞራሌውን የሚሸከመውን እንጨት፣ ጤንነት ሙሉ በሙሉ ማወቅ አይቻልም። በጀቱ ላይ ቢያንስ ከሞራሌው ሲሶው፣ ከወራጁ ሁለት ወይም ሦስት እንጨት እንደሚቀየር አስቡ። ኮርኒሱ የሚከፈት ቦታ ካለው አንድ ሰው በባትሪ ገብቶ ጠቆር ያለውን ሁሉ በጩቤ ይውጋ፤ ጩቤው እንደ ቅቤ ከገባ ያ እንጨት አልቋል። መፈተሽ ያለበት መጀመሪያ ወራጁ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ምስጥም እርጥበትም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አዲስ ባሕር ዛፍ እርጥቡን አትምቱ። ሲደርቅ ይጠብባል፣ ይጣመማል፤ ሚስማሩ ይላላል፤ ከዚያ «ቆርቆሮው ነው የሚያፈሰው» ይባላል። ሞራሌው ድሮውን ጤነኛ ሆኖ ከቀጠለም አዲሱ ሚስማር በአሮጌው ቀዳዳ አይመለስ፤ አይዝም። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ማለት በቂ ነው።

ሚስማር ተራ ነገር ይመስላል፤ የሚያፈስ ጣሪያ ሁሉ ግን ታሪኩ ሲመረመር መጨረሻው እሱ ነው። ለባለ 28 ተራ ቆርቆሮ፣ አናቱና የታችኛው ጫፍ ላይ በየሁለት ሞገዱ፣ መሐል ላይ በየሦስት ሞገዱ ቢመታ ወደ 800 የቆርቆሮ ሚስማር ይሄዳል። ሱቁ በኪሎ ስለሚሸጥ አንድ ኪሎው ስንት እንደሚወጣው ቆጥራችሁ አባዙ፤ ከአሥር አንድ እጅ ጨምሩበት። ለኢጋው ራሱ እየበሳ የሚገባ ቪቲ ወደ 700 ያስፈልጋል፤ ሞራሌው ብረት ከሆነ ደግሞ ጄ ቦልት (ጫፉ የታጠፈ ቡሎን) ይገባል፤ ከሚስማር ይወደዳል፣ ግን ነፋስ አይነቅለውም።

የት እንደሚመታ ደግሞ ልብ በሉ። ጉብታው ላይ እንጂ ቦዩ ላይ አይደለም። ውኃ የሚወርደው በቦዩ ነው፤ ቦይ ላይ የተመታ ሚስማር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀዳዳ ነው። ከሥሩ ጎማ ይኑረው። መዶሻው ደግሞ ልክ አለው፤ ጎማው ተጭኖ በትንሹ ሲያብጥ ይቁም። ከዚያ አልፎ ከተመታ ጉብታው ይሰረጉዳል፤ ሚስማሩ ዙሪያ ትንሽ ሳህን ይሠራል፤ ዝናቡ እዚያ ውስጥ ይተኛል፤ ጎማው ተሰንጥቋልና ቀስ ብሎ ወደ ሞራሌው ይወርዳል። ከመሬት ሆናችሁ አታዩትም። ሥራው ሳያልቅ መሰላል ላይ ወጥታችሁ አንድ መስመር ብቻ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ የጎማው ጠርዝ ዙሪያውን እኩል ከታየ አናጺው ሥራውን ያውቃል። ሚስማሩ በሲባጎ መስመር ካልሄደም ከፊሉ ሞራሌውን ስቶ አየር ላይ ነው የተመታው፤ ከውስጥ ሆናችሁ ቀና ብትሉ ሹሉ ወጥቶ ታዩታላችሁ። ተነቅሎ ቀዳዳው መዘጋት አለበት፤ ዝም ብሎ አይታለፍ።

የጎን መደራረቢያው አፍ ደግሞ ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ አይዙር። ሰፈሩን የሚያውቅ አናጺ ክረምቱ ከየት በኩል እንደሚመታ ሳይጠየቅ ይነግራችኋል፤ ሥራውን የሚጀምረውም ከተቃራኒው ጫፍ ነው።

አናትና አሸንዳ

የአናት ክዳን በ2 ሜትር ከሆነ 15 ሴንቲ እየተደረበ 6 ይበቃል። አሸንዳ በሁለቱም በኩል 22.4 ሜትር፣ ባለ 2 ሜትሩ 12 ቁራጭ። መያዣ ብረቱ በየ60 ወይም 70 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ሲራራቅ አሸንዳው መሐሉ ይረግባል፤ በረዶ የወረደ ቀን ክብደቱን አይችልም። ተዳፋቱ በሜትር 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው 5.6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል።

ለመውረጃው ቱቦ የተለመደው ስሌት ለአንድ ካሬ ጣሪያ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። አንዱ ክንፍ ከላይ ሲታይ 51.5 ካሬ ነው፤ ባለ 75 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ 44 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አንዱ አይበቃም፤ ሁለት ወይም አንድ ባለ 110 አድርጉ። 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል ከዚህ ጣሪያ ላይ ከ5,000 ሊትር በላይ ውኃ ይወርዳል። ወደ ጎረቤት ግቢ ከወረደ ክርክሩ ክረምቱን ሙሉ ነው። ከጎረቤት ቤት ጋር ግንብ ለግንብ የተያያዘ ከሆነና በሁለቱ ጣሪያ መሐል ሸለቆ ካለ፣ እዚያ የሚገባው አሸንዳ ከቆርቆሮው የወፈረ ላሜራ ይሁን፤ ቅጠል የሚጠራቀምበትና ቀድሞ የሚበሳው እሱ ነው።

የእጅ ዋጋና ውሉ

አብዛኛው አናጺ የሚዋዋለው በካሬ ነው። ካሬው ከላይ ሲታይ የተለካ ይሁን ወይስ ተዳፋቱን ተከትሎ፣ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። በእኛ ቤት 103 እና 108 ነው። ዋጋው ምን ምን እንደሚጨምርም ይጻፍ፤ አሮጌውን መፍታት፣ የተበላሸ ሞራሌ መቀየር፣ አሸንዳ መግጠም፣ ፍርስራሹን ማውጣት። «ሁሉም ውስጡ ነው» የሚለው ቃል ሥራው ከተጀመረ በኋላ ትርጉሙ ይለወጣል። ክፍያውን ቢያንስ በሦስት ከፋፍሉት፤ ከአሥር አንዱ እጅ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እስኪጥል ይቆይ። ጥሩ ሠራተኛ ይህን አይቃወምም። በመሰላልና በገመድ ጉዳይ ግን አትንፈጉ፤ የሚወድቅ ሰው ያለበት ሥራ ነው።

በአንድ ቀን የሚሸፈነውን ያህል ብቻ ይፈታ። ሙሉ ጣሪያ አንስቶ «ነገ እንመታዋለን» የሚል አናጺ ካለ ይቁም፤ በበጋም ዝናብ ሊያጋጥም ይችላል፤ ኮርኒሱ አንዴ ከረጠበ ቺፑዱ ያብጣል፤ ዕዳው ከቆርቆሮው ሊበልጥ ነው። ላስቲክ ወይም ሸራ ተገዝቶ ይጠብቅ። ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ይመረጣል፤ ከየካቲት በኋላ በልግ ሊመጣ ይችላል፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ጣሪያውን የሚያስታውስበት ስለሆነ አናጺም ቆርቆሮም ይወደዳል። ወረዳው የእድሳት ፈቃድ ሊጠይቅ ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በተለይ የቀበሌ ቤት ከሆነ ሳታስፈቅዱ አትጀምሩ።

ሬንጅስ አይበቃም?

ጣሪያው የሚያፈሰው በሚስማር ዙሪያ ብቻ ከሆነና ብረቱ ገና ጤነኛ ከሆነ ሙሉ መቀየር አያስፈልግም። የላላውን ሚስማር ነቅሎ ጎማ ባለው ወፍራም ሚስማር መተካት ርካሽና በቂ ነው። ሬንጅ ግን የአንድ ክረምት መፍትሔ ነው። ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ይሰነጠቃል፤ ከሥሩ ውኃ ይዞ ብረቱን በተደበቀ ቦታ ያበሰብሳል። ሬንጅ በሬንጅ ላይ የተደራረበበት ጣሪያ ካያችሁ የሚቀየርበት ጊዜ አልፏል። ቀላሉ መለኪያ፤ ቀን ላይ ጣሪያ ሥር ቁሙ፤ ብርሃን ከሚስማር ቀዳዳ ውጭ በሜዳው ላይ እንደ ኮከብ ከታየ ያ ቆርቆሮ አይጠገንም።

የአሮጌው ጉዳይ ቀርቷል። ሲፈታ በጥንቃቄ ሚስማሩን በጉጠት ካወጡት ከፊሉ ለአጥር ይሆናል። የዛገውን ቆራሌው በኪሎ ይወስደዋል፤ ካልሆነም ምን አለሽ ተራ አለ። 102 ባለ 35 ቆርቆሮ እያንዳንዱ 2.5 ኪሎ ከቀረው 255 ኪሎ ነው፤ በቆጠራ ሳይሆን በሚዛን ሽጡት፤ የምታገኙት ብር ቢያንስ የመጓጓዣውን ሳይሸፍን አይቀርም። ውጭ ሆናችሁ ለወላጆቻችሁ ቤት የምታሠሩ ደግሞ ያለቀውን ጣሪያ ፎቶ አትጠይቁ፤ ከሩቅ ሁሉም ያምራል። አሥር ቆርቆሮ ሚዛን ላይ ሆኖ፣ ቆርቆሮው ተነስቶ ሞራሌው ብቻውን ሲታይ፣ ከዚያ አንድ የሚስማር መስመር ከቅርብ፤ እነዚህን ሦስቱን ከላኩላችሁ ቀጣዩን ክፍያ ላኩ።